ወደ ሳይቤሪያ ስለተላከው ክፍለ ጦርና ስለ አንዲት የፈተና ወረቀት

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ብዕሬ ምንኛ በቀለለልኝ ነበር! የታሪክ መምህር የሌላውን ሰው ስሕተት ሲያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የራሱን ሲያገኝ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንቅልፍ ማጣት ይገጥመዋል። ይህኛው የራሴ ነው።

በማስተምረው የአውሮፓ ታሪክ ትምህርት ውስጥ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ፓቬል (በእኛ አጠራር ጳውሎስ) የሚነሣበት አንድ ክፍለ ጊዜ አለ። ፓቬል የታላቋ ካትሪን ልጅ ሲሆን፣ ከ1796 እስከ 1801 ለአራት ዓመት ከአራት ወር ያህል ነግሦ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹ ደግሞ በቀድሞው የሩሲያ የቀን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ተማሪዎች በዚያ ክፍለ ጊዜ አያንቀላፉም፤ ምክንያቱም የምነግራቸው ታሪክ አለኝ። አንድ ቀን ዛሩ በሰልፍ ትርኢት ላይ ቆሞ ሳለ የአንድ ክፍለ ጦር እርምጃ ይዛነፍበታል። በቁጣ ነድዶ «ቀኝ ኋላ ዙር! ቀጥታ ወደ ሳይቤሪያ፣ ወደፊት ሂድ!» ይላል። ክፍለ ጦሩም ስንቅ ሳይዝ፣ ቤተሰቡን ሳይሰናበት፣ ከበሮውን እየመታ ከከተማው ወጥቶ ይሄዳል። ምሕረት የያዘው መልእክተኛ የደረሰበት ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ክፍሉ ይስቃል። እኔም ሳቁን ተከትዬ ስለ ፍጹማዊ አገዛዝ ቁም ነገሬን እጨምራለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈተና ላይ «የቀዳማዊ ፓቬልን የአገዛዝ ዘይቤ በማስረጃ አስደግፋችሁ አብራሩ» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የሳይቤሪያውን ክፍለ ጦር የጻፈ ሁሉ ደኅና ነጥብ አገኘ። አንዲት ተማሪ ግን እንዲህ ስትል ጽፋ አገኘሁ፦ የክፍለ ጦሩን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሰምተነዋል፤ ሆኖም የተመሠረተበትን ሰነድ ስላላገኘሁ በማስረጃነት አልጠቀምበትም። በምትኩ በ1800 የውጭ አገር መጻሕፍት ወደ ሩሲያ እንዳይገቡ የተከለከለበትን ዐዋጅ ጠቅሳ ተንትናለች። እኔ ከሃያ አሥራ አንድ ሰጠኋት፤ ከዳርም በቀይ ቀለም «የተማርሽውን ጻፊ» የሚል አስተያየት አኖርኩበት።

በሳምንቱ ወደ ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ የነጥቡ ነገር አይደለም ያመጣኝ። ምንጩን ቢነግሩኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

«በጣም የታወቀ ታሪክ እኮ ነው» አልኳት።

አመስግናኝ ወጣች። የመለስኩላት መልስ ግን በቢሮው ውስጥ ቀረ። «የታወቀ ታሪክ» ማለት ምን ማለት ነው? ማን ያወቀው? መቼ? በምን? ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጠኝ በዚያ ኮሪደር ላይ ነበር የማባርረው።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥኩ። ተረኩን በብዙ ቦታ አገኘሁት፤ የዘመኑን ሰነድ ግን የትም አላገኘሁም። የክፍለ ጦሩ ስም ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይለዋወጣል፤ መልእክተኛው የደረሰበት ርቀትም እንደ ተራኪው ይረዝማል፣ ያጥራል። በመጨረሻ ታሪኩን ወደ ነገሩኝ መምህሬ ደወልኩ። ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው። በወጣትነታቸው በሶቪየት ኅብረት፣ በሌኒንግራድ ከተማ ተምረዋል።

«ጋሼ፣ ያን የሳይቤሪያውን ክፍለ ጦር ከየት ነበር ያገኙት?»

ጥቂት ዝም ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ እርሱንማ የሰማሁት በተማሪዎች መኖሪያ፣ ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን ነው። መጽሐፍ ላይ አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አስተማሩን?»

«ትስቁ ስለነበረ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን ሥራ ጀመርኩ። ስለ ፓቬል የማውቀውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሬ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ማን ተናገረው? መቼ? ምን ፈልጎ?» ብዬ ጻፍኩ። የዚያ ዝርዝር ውጤት ነው ለዛሬው ጽሑፍ ያበቃኝ።

በመጀመሪያ ሐሰት ከሚባለው፣ ወይም በጨዋነት «ተረት» ከሚባለው ልጀምር። ከሳይቤሪያው ክፍለ ጦር ጋር የሚጎዳኘው ስሙ ብቻ ያለ፣ ሥጋ የሌለው መኮንን ታሪክ ነው። አንድ ጸሐፊ የሹመት ዝርዝር ሲገለብጥ ብዕሩ ያድጠውና «መኮንኖቹ ደግሞ» ከሚለው የሩሲያኛ ሐረግ መጨረሻ ላይ ቆርጦ «ኪዥ» የተባለ ሰው ይፈጥራል። ዛሩም ይህን የሌለ ሰው ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ያሳድገዋል፤ በመጨረሻ ሊያየው ፈልጎ ሲያስጠራው ሹማምንቱ ተጨንቀው «ሞቷል» ይሉታል። ግሩም ታሪክ ነው። ነገር ግን ታትሞ የወጣው ዛሩ ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ፣ በ1870 ነው፤ ያሳተመውም የታወቀው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ቭላዲሚር ዳል ሲሆን እርሱም በቃል የሰማውን ነው የጻፈው። ከዚያ በኋላ ዩሪ ቲንያኖቭ በ1920ዎቹ መጨረሻ አጭር ልብ ወለድ አደረገው፤ በ1934 ፊልም ሆነ፣ ፕሮኮፊየቭም ሙዚቃውን ደረሰለት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከእራት ጠረጴዛ ጨዋታ ተነሥቶ በዓለም የኮንሰርት አዳራሾች ውስጥ የሚሰማ «ታሪክ» ሆነ። የሌለው መኮንን እውነትም ከማዕረግ ወደ ማዕረግ አደገ!

አሁን ደግሞ ወደ ተረጋገጠው እንለፍ፤ የሚገርመው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ፓቬል ክብ ባርኔጣና ፍራክ ኮት እንዳይለበስ ከልክሏል፤ የፈረንሣይ አብዮት ምልክቶች ናቸው ብሎ ያምን ነበርና። በጽሑፍ እንዳይገቡ ያገዳቸው ቃላትም ነበሩ። «ዜጋ» በሚለው ፋንታ «ነዋሪ»፣ «አባት አገር» በሚለው ፋንታ «መንግሥት» እንዲባል ታዘዘ። «ማኅበረሰብ» ለሚለው ቃል ግን ምትክ እንኳ አልተሰጠውም፤ ጨርሶ እንዳይጻፍ ነው የተባለው። በሚያዝያ 1800 በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ፣ የሙዚቃ ኖታ ሳይቀር፣ ከውጭ እንዳይገባ ዐወጀ። በነገሠ ሰሞን ከ34 ዓመት በፊት የተገደለውን አባቱን ሦስተኛ ጴጥሮስን ከመቃብር አስወጥቶ ዘውድ አስጫነለት፤ ከእናቱም ጋር አብሮ አስቀበረው። በዚያ ግድያ እጁ የነበረበትን ሽማግሌ፣ አሌክሲ ኦርሎቭን፣ በቀብሩ ሰልፍ ላይ ዘውዱን ተሸክሞ እንዲሄድ አደረገው። የኦርቶዶክስ ዛር ሆኖ ሳለ በ1798 የካቶሊኮቹ የማልታ ባላባቶች ማኅበር ታላቅ አለቃ ተባለ። በጥር 1801 ደግሞ ከሃያ ሺሕ የሚበልጡ የዶን ኮሳኮች እንግሊዝን ለመውጋት ወደ ሕንድ እንዲዘምቱ አዘዘ፤ ለአዛዣቸውም የላከው ካርታ እስከ ኺቫና እስከ አሙ ዳርያ ወንዝ ብቻ እንደሚደርስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳቸው እንዲያጣሩ ጻፈለት። ኮሳኮቹ በክረምቱ በረዶ መንገድ ጀምረው ነበር፤ የመለሳቸው የዛሩ ሞት ነው።

አያችሁ አንባቢያን፤ ሰነድ ያለው እውነት ከተረቱ ያላነሰ ነው። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ይዤ ሳለ የሳይቤሪያውን ተረት ለምን መረጥኩ? ምክንያቱም ተረቱ ማብራሪያ አይፈልግም። ከሕንድ ዘመቻው ጀርባ እንግሊዞች በ1800 ማልታን መያዛቸው፣ የሩሲያና የእንግሊዝ ወዳጅነት መፍረሱ፣ የወደብና የንግድ ጠብ አለ፤ ይህን ለማስረዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል። «ዕብድ ነበር» ለማለት ግን ሁለት ቃል ይበቃል።

ዕብደቱንስ ማን ተናገረ? በወረቀቴ ላይ ይህን ጥያቄ ስጽፍ ነው ነገሩ ሁሉ የተገለበጠብኝ። መጋቢት 11 ቀን 1801 ሌሊት፣ ገብቶበት ገና አርባ ቀን ያህል በሆነው በሚኻይሎቭስኪ ቤተ መንግሥት፣ መኮንኖች ወደ መኝታ ቤቱ ገብተው ዛሩን አንቀው ገደሉት። ሴራውን የመራው የዋና ከተማዋ ወታደራዊ አገረ ገዥ ፓሌን ነበር፤ ከገቡት መካከል ጄኔራል ቤኒግሰንና የዙቦቭ ወንድማማቾች ይገኛሉ። ስለ ዛሩ ዕብደት አጥብቀው የሚናገሩት ምስክሮች እነዚሁ ገዳዮቹ ናቸው። በ1800 ዛሩ በእውነት አእምሮውን ስቷል ብሎ ወደ ለንደን የጻፈው የእንግሊዙ አምባሳደር ዊትዎርዝም የሴረኞቹ ቤት ወዳጅ ነበር። አባቱ ሦስተኛ ጴጥሮስ አይደለም የሚለውን ወሬ ያቆየችልን ደግሞ የገዛ እናቱ ናት፤ ሄርዘን በ1859 ለንደን ላይ ባሳተመው ትዝታዋ ውስጥ ይገኛል። እርሷ ባሏን ከዙፋን ያወረደች፣ ልጇንም እስከ ዕለተ ሞቷ ከዙፋን ያራቀች ሴት መሆኗን እንዳንዘነጋ።

ይህ ማለት ምስክሮቹ ሁሉ ዋሹ ማለት አይደለም። ኒኮላይ ሳብሉኮቭ የተባለ የፈረሰኛ ዘበኛ መኮንን ነበር፤ ከሴራው ያልነበረበት፣ ዛሩንም በቅርብ ያገለገለ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ በ1865 በታተመው ትዝታው ስለ ፓቬል ደግነትም ስለ ቁጣውም ይናገራል። መኮንኖች ወደ ሰልፍ ትርኢት ሲሄዱ፣ ከዚያው ከሜዳው ወደ ግዞት ቢላኩ ባዶ እጃቸውን እንዳይሆኑ፣ ገንዘብ በደረታቸው ሸጉጠው ይወጡ እንደነበር የነገረን እርሱ ነው። እንግዲህ የሳይቤሪያው ተረት ሥር እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር ከሰልፍ ሜዳ ወደ ሳይቤሪያ አልዘመተም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መኮንን እንደሚላክ እየፈራ ነበር የሚሰለፈው። ወሬው ድርጊቱን ፈጠረ፤ ፍርሃቱን ግን አልፈጠረም።

የዘመኑ ሌላ ገጽም አለ። ፓቬል በ1797 የዙፋን ውርስ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በመሠረቱ እስከ 1917 ጸንቶ ኖሯል። በዚያው ዓመት ገባሮች እሑድ እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ለጌታቸው የሚሠሩትም በሳምንት ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ የሚጠቁም ዐዋጅ አወጣ። የፖላንዱን ጀግና ኮሽቹሽኮን ከእስር ፈታ፤ እናቱ ያጋዘችውን ደራሲ ራዲሽቼቭን ከሳይቤሪያ መለሰ። በአንጻሩ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ የመንግሥት ገባሮችን ለባለሟሎቹ በስጦታ አድሏል፤ ስለዚህ የድሆች አባት ነበር ማለትም ሌላ ተረት ይሆናል። በባላባቶች ላይ ግን የአካል ቅጣትን መልሶባቸዋል። ትዝታ የሚጽፉት እነማን ነበሩ? ባላባቶች። ገባሮቹ ብዕር አልነበራቸውም።

እስካሁን ያልኩት «ወሬ ውሸት ነው፣ ሰነድ እውነት ነው» የሚል ከመሰላችሁ ቀጣዩን ስሙ። ፓቬል በታነቀ ማግስት የመንግሥቱ መግለጫ ምን አለ? «ንጉሠ ነገሥቱ በድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፉ።» ማኅተም ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ ቀን ያለው ሰነድ ነው። ውሸት ነበር። «አንቀው ገደሉት» የሚለው በየሳሎኑ የተንሾካሾከው ወሬ ደግሞ እውነት ነበር። ይህ እውነት በሩሲያ ውስጥ በግልጽ እንዳይታተም ለመቶ ዓመት ያህል ተከልክሎ ቆየ። ፑሽኪን በ1817 ስለ ነጻነት በጻፈው ግጥም ግድያውን ሲነካው፣ ግጥሙ በእጅ እየተገለበጠ ነው የተነበበው፤ በ1820 ከዋና ከተማዋ ለመራቁም አንዱ ምክንያት ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለመቶ ዓመት እውነቱም ተረቱም በአንድ ስልቻ ተጭነው ተጓዙ። ግድያው፣ የገንዘቡ ሽጉጥ፣ የሳይቤሪያው ክፍለ ጦርና የሌለው መኮንን አብረው ተነገሩ፤ ሰሚው አንዱን ከሌላው የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ስልቻውን የሰፋው ማን ነው? አንዱ ፓቬል ራሱ ነው። ሳብሉኮቭ እንደሚነግረን ዛሩ በነገሠ ሰሞን ማንም ሰው አቤቱታውን የሚከትበት ቢጫ ሳጥን በቤተ መንግሥቱ አኑሮ ነበር፤ ቁልፉንም ራሱ ነው የሚይዘው። የኋላ ኋላ ስም የለሽ ስድብና የፌዝ ሥዕል ስለበዛበት ሳጥኑ እንዲነሣ ተደረገ። ሳጥኑ ተነሣ፤ መጽሐፍ ተከለከለ፤ ቃል ታገደ። ሰዎች ግን መናገራቸውን አላቆሙም፤ ያቆሙት ሲናገሩ ስማቸውን መስጠት ነው። ስም የሌለው ንግግር ደግሞ አይጠየቅም፣ አይታረምም። ዛሩ በቆመበት ዘመን ሊነቅፈው የሚችለውን ብዕር ሰበረ፤ በሞተ ጊዜ ሊመሰክርለት የሚችለውም ብዕር ያው የተሰበረው ነበር። ታሪኩን ለገዳዮቹ ያወረሰው በገዛ እጁ ነው። በሞተ ማግስት በሴንት ፒተርስበርግ ጎዳናዎች ክብ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች መታየታቸውን የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ ለእርሱ የተጻፈው የመጀመሪያው የቀብር ንግግር ያ ባርኔጣ ይመስለኛል።

በሰነድ ላይ ቆመው የመንግሥት ሥራውን ከመረመሩት መካከል ክሎችኮቭ መጽሐፉን ያሳተመው በ1916፣ ኤይደልማን ደግሞ በ1982 ነው። ከግድያው እስከ ፍርዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሄደ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ተረቱ ብቻውን ሲሮጥ ከርሟል፤ ሯጩም በመጨረሻ አዲስ አበባ ደርሶ በእኔ ክፍል ውስጥ ዐረፈ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የፈተና ወረቀቷን አስመጥቼ እንደገና አረምኩ፤ የነጥብ ማስተካከያ ቅጹን ሞልቼ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወሰድኩ። ቅጹ ላይ «የስሕተቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። መምህራን አብዛኛውን ጊዜ «የድምር ስሕተት» ብለን ነው የምንሞላው። እኔም ብዕሬ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፤ ጊዜ ወስጄ «መምህሩ ያልተረጋገጠ ታሪክ ስላስተማረ» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አንብበው ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ፈረሙ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነገሩን ለተማሪዎቼ በግልጽ ነገርኳቸው። ለማሳረጊያም አንዲት ቀለል ያለች ታሪክ ጨመርኩ። ፑሽኪን በ1834 ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ሦስት ዛሮችን እንዳየ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ዛር፣ ማለትም ፓቬል፣ ቆቡ ከራሱ እንዲወልቅ አዝዞ ሞግዚቱን ገሥጿታል። ፑሽኪን የተወለደው በ1799 ነውና ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር፤ ራሱ ሊያስታውሰው አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤው እውነተኛ ሰነድ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከቤተሰብ የተሰማ ወሬ ነው፤ ሁለቱን ለዩ አልኳቸው።

ያቺው ተማሪ ከሦስተኛው ረድፍ እጇን አነሣች። «ዶክተር፣ የፑሽኪን ቅድመ አያት ነገርስ? አብራም ጋኒባል ከእኛ አገር የሄደ ነው የሚባለው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ምን እንደምመልስ ሁሉም ለማወቅ ፈልጓል። እኔም ፈለግኩ። በመጨረሻ ያለውን ነገርኳቸው፦ ጋኒባል ራሱ በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ ከአፍሪካ መሆኑንና «ላጎን» በምትባል ከተማ መወለዱን ይገልጻል እንጂ ሐበሻ ነኝ አይልም። ሐበሻ ነው የሚለው ቃል የመጣው በጀርመንኛ ከተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነው፤ ፑሽኪንም የተከተለው ያንን ነው። አንዳንድ ምሁራን ላጎንን በዛሬዋ ካሜሩን ካለችው ሎጎን ጋር ያገናኟታል፤ ሌሎች በመረብ ማዶ ይፈልጓታል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ «ኧረ ዶክተር፣ ይቺንስ ተዉልን!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ያ ልጅ የተናገረው የእኔኑ የአሥራ አንድ ዓመት ልመና ነበርና። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሬ «ማን ተናገረው? መቼ? ምን ፈልጎ?» ብዬ ጻፍኩና በጋኒባል ላይ ጀመርን።